ሀራሙስ ውስጥ የሰማኋት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን

ባለፈው ሳምንት ከጂቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ሎሚና ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ እግሬ እንዲሁ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደኝ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ አሮጌ ጀልባ በጎኑ አጋድመው ሆዱን ጥቁር ነገር ይቀቡታል። ነፋሱ ዞር ሲል ሽታው መጣ። ቅጥራን ነው። መጀመሪያ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ቆይቶ ግን ደስ የሚል የተቃጠለ እንጨት ሽታ። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀና ብሎ አየኝና በሱማሌኛ ምን ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት።

ውሸቴን ነው። የጠፋብኝ አለ፤ የአንድ ታሪክ መጨረሻ ነው የጠፋብኝ። ሩቅ አገር፣ በረዶ መካከል፣ ከጥድ እንጨት የተሠራች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበረች። መጀመሪያዋን አውቃለሁ። መካከሏንም ቢሆን ከብዙዎቹ የመንደሯ ልጆች የተሻለ ሳላውቅ አልቀርም። እንዴት እንዳለቀች ግን አላውቅም። ሊነግሩኝ የተዘጋጁ ሰው ነበሩ፤ በገዛ እጄ አበላሸሁት።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየማችን ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። ገና ሃያ አልሞላኝም። ከድሬዳዋ በአሮጌው ባቡር፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር እየተጋፋሁ መጣሁ። አሁን ናጋድ፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ላይ ከቀዝቃዛው ፉርጎ ሻንጣቸውን እየጎተቱ የሚወርዱትን ልጆች ሳይ እቀናለሁ። የአክስቴ ጓደኛ፣ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር ባሕሩ አጠገብ ካለ ቪላ በአዳሪ ሠራተኛነት አስገባችኝ። የቤቱ ጌታ ወደብ ላይ የሚሠራ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። እኔ የተቀጠርኩት ለእናቱ ነው።

መንገዱን ሙሉ «ቦንዡር ማዳም» የምትለዋን ሳጠና ነው የመጣሁት። በሩ ተከፍቶ ነጭ ፀጉራቸውን እንደ ገመድ የጎነጎኑ ረጅም አሮጊት ብቅ ሲሉ ያጠናሁትን አወጣሁ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝና፣ «እንደምን ዋልሽ ልጄ? መንገዱ አደከመሽ?» አሉኝ። በአማርኛ! ያውም ባላገር በሚናገረው፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ማዳም አትበይኝ» አሉ። «ማዳም ስባል ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ ነው የሚመስለኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ሆኑ።

እማማ ፊንላንድ ከሚባል አገር ናቸው። በወጣትነታቸው ነርስ ሆነው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር መጥተው፣ ፀጉራቸው እስኪነጣ ድረስ ሲያዋልዱና ቁስል ሲያጥቡ ኖረዋል። ባላቸውም እዚያው ነው የተቀበሩት። ጡረታ ሲወጡ አንድ ልጃቸው በረዶ ውስጥ ብቻዎን አይቀመጡም ብሎ ጂቡቲ አመጣቸው። ከበረዶ አውጥቶ ምድጃ ውስጥ ከተተኝ ይላሉ፣ እየሳቁ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። የሰው ቁመና በጭላንጭል ያያሉ እንጂ ፊደል አያዩም።

ክፍላቸው ቅጥራን ቅጥራን ይሸታል። እኔ ያኔ ሽታው ምን እንደሆነ አላውቅም። መስኮቱ ፊት ለፊት ባሕሩ አለ፤ ባሕሩ ሲሸሽ የጭቃ ሽታ ይመጣል፣ እሱን ለምጄዋለሁ። ይኼኛው ግን ከአልጋቸው ሥር ነው የሚወጣው። በመጣሁ በሳምንቴ አላስችል አለኝ።

«እማማ፣ የሚሸተው ምንድን ነው? አይጥ ሞቶ ይሆን?»

«አይጥ!» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አይጥ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኔ ናት።»

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ነገር ካልፈለፈልኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ሬሳውን እንኳ ለምን ሞትክ ብላ ሳትጠይቅ አትቀርም» ትለኝ ነበር። በሰው ቤት ዝም ማለት ጥሩ መሆኑን አክስቴ መክራኝ ነበር፤ አልሆነልኝም። እማማም ጠያቂ አጥተው ከርመው ኖሮ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ የእኛ ሆነ።

ጂቡቲን የኖረባት ያውቀዋል፤ ከምሳ በኋላ ከተማው ጭር ይላል። ሱቅ ይዘጋል፣ የጫት መኪኖች ጥሩምባቸውን እያስጮኹ ካለፉ በኋላ መንገድ ላይ ፍየል እንኳ የለም። ውጭው ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። ከምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ የሚነፍስ ከሆነማ የበር እጀታ ያቃጥላል። ሁሉም ሲተኛ እማማ ቀን መተኛት አይሆንላቸውም። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ትንሿን በርጩማ በእጃቸው ይመቱልኛል፤ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ካርቶን ሙሉ ፎቶግራፍ አላቸው። እኔ አንድ በአንድ እያነሳሁ የማየውን እነግራቸዋለሁ።

«ባርኔጣ ያደረጉ ሰባት ወንዶች። ከኋላቸው ግንድ ተከምሯል።»

«ከዳር ያለው አንድ እጁ ጎደሎ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አናጢው ነው» ይሉና ታሪኩን ይጀምሩታል።

የደብራቸውን ታሪክ በካሴት እየቀዱ ነበር። የመንደሩ ሰው ወደ ከተማ ተበትኗል፣ የሚያስታውሱትም እያለፉ ነው፤ ስለዚህ እሳቸው ሳይሞቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናግረው ሊጨርሱ ፈለጉ። መጀመሪያ ለእኔ በአማርኛ ያወሩታል፣ እኔ ወጥቼ ዕቃ ሳጥብ ለቴፑ በራሳቸው ቋንቋ ይደግሙታል። በኩሽናው መስኮት የድምፃቸውን ዜማ እሰማለሁ። የቱ ጋ እንደደረሱ ቃል ሳላውቅ እለየዋለሁ፤ ሲስቁ አናጢው ጋ ናቸው።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ «ታቦቷ የማን ነው?» የሚል ነበር።

«ታቦት የላትም።»

«እንዴ! ታዲያ ንግሧ መቼ ነው?»

«ንግሥም የላትም።»

«ስሟስ?»

«በመንደሩ ስም ነው የምትጠራው። ሌላ ስም የላትም።»

አዘንኩላት። ክርስትና ሳትነሣ ያደገች ልጅ መሰለችኝ። ለእኔ ያኔ ከእኛ ውጭ ያለ ክርስቲያን ሁሉ ጴንጤ ነው፤ «ጴንጤ ነዎት?» ብል «ሉተራን ነኝ» አሉና ልዩነቱን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጁ። እንዳልገባኝ ሲያውቁ ትተውት ወደ ግንዱ ተመለሱ። ግንዱ ይገባኝ ነበር።

በአያታቸው ዘመን እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙ ግንድ እንዲያመጣ ተወሰነ። በበጋ አይሆንም፤ ሀይቁ በርዶ ድንጋይ ሲሆን ነው በፈረስ እየጎተቱ በላዩ የሚያሻግሩት። እኔ «ውሃ ላይ ፈረስ?» ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። አንዲት መበለት ነበረች፣ ጫካም ፈረስም የሌላት። ባዶ እጄን አልቀርም ብላ የገዛ ቤቷን የበር መቃን አስነቀለች። ክረምቱን ሙሉ በሯ ላይ የላም ቆዳ ጋርዳ ከረመች። እንጨቷ አጭር ስለነበረች ባለ አንድ እጁ አናጢ የቤተ ክርስቲያኗን በር በእሷ ልክ አሳነሰው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው፣ ጳጳሱም ቢሆኑ፣ ጎንበስ ሳይል አይገባም።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

ከዚያማ ብዙ ነው። ጣሪያዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስስ እንጨት ተከድኖ በየጥቂት ዓመቱ ቅጥራን ይቀባል፤ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ሀይቁን ተሻግሮ ይሄዳል። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ናቸው። «እንደኛ ለየብቻ!» ብዬ ጮህኩ። እነሱ ግን አይቆሙም፣ ይቀመጣሉ፤ ስብከቱ ሲረዝም የሚያንቀላፋውን ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው እየዞረ ይነካዋል። የእኛዎቹ ዘንግ ይዘው ይደገፉበታል እንጂ የተኛ አይቀሰቅሱበትም ብዬ አሳቅኳቸው። በሩ አጠገብ ደግሞ ከእንጨት የተጠረበ ለማኝ ቆሟል፣ ደረቱ ላይ ምጽዋት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው። ይኼን ሲነግሩኝ አላመንኩም።

«እውነተኛ ለማኝ የለም?»

«እውነተኛው ቤቱ ሆኖ ይቀበላል። የሚያፍረው እንጨቱ ነው።»

ከሁሉ የገረመኝ የጫማው ነገር ነው። የመንደሩ ሴቶች ጫማ እንዳያልቅባቸው ከሩቅ በባዶ እግራቸው ይመጡና፣ ቤተ ክርስቲያኗ ስትታይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አብሰው ጫማቸውን ያደርጋሉ። እኛ ጫማ አውልቀን እንገባለን፣ እነሱ አድርገው። እማማና እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ «ሁለታችንም ያለንን ነው ያደረግነው» ብለው ዘጉት።

ከአልጋው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ነበረች። የሽታው መነሻ እሷ ናት። ሁሉን ዕቃ እንድነካ ፈቅደውልኛል፤ እሷን ብቻ አይደለም።

«ያቺን አትክፈቺያት» አሉኝ ገና በመጀመሪያው ሰሞን። «ታሪኩ እዚያ ሲደርስ አብረን እንከፍታታለን። የመጨረሻው እዚያ ነው ያለው።»

ቤተ ክርስቲያኗ ዛሬ እንደሌለች አውቃለሁ፤ ካርቶኑ ውስጥ የመጨረሻው ፎቶ መቃብርና ሣር ብቻ ነው የሚያሳየው። ግን እንዴት?

«ተቃጠለች?»

«ቆይ።»

«ጎርፍ ወሰዳት?»

«ቆይ አልኩሽ!» ይላሉ፣ ደስ እያላቸው። እኔን ማስጠበቅ ይወዱ ነበር። እኔም መጠበቁን ሳልወደው አልቀረሁም፤ ከምሳ ጀምሮ ልቤ የሚቸኩልበት ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበርና።

አንድ ቀን ልጃቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዟቸው ሄደ። ክፍላቸውን ሳጸዳ ሣጥኗን ከአልጋው ሥር ሳብኳት። ለማጽዳት ነበር ብል ማን ያምነኛል? ለማየት ነው። ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው ከድምፃቸው አውቄ፣ አንድ ሳምንት መታገስ አቃተኝ።

ክዳኑን ስከፍት ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ውስጥ ያለው አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ በነጭ ነጠላ፣ በእኛው አገር ነጠላ፣ ተደጋግሞ የተጠቀለለ። ፈታሁት። አንዱ እጥፋት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጥቁር የሆነ ወፍራም እንጨት ወጣ፤ የሁለት መዳፍ ያህል ነው። መሐሉ ላይ መስቀል ተቀርጿል። ዙሪያውን የማላነበው ጽሕፈት።

እንግዲህ አትሳቁብኝ። ታቦት አይቼ አላውቅም። ማንም ምእመን አላየም። ስለዚህ አይደለም የሚለኝ ምንም ነገር አልነበረም። የማውቀው በጨርቅ እንደሚሸፈን፣ መስቀልና ጽሕፈት እንዳለበት፣ ሴት እንደማትነካው ነው። ይባስ ብሎ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ከማልገባባቸው ቀኖቼ አንዱ ነበር። እንዴት አድርጌ መልሼ እንደጠቀለልኩት አላስታውስም። ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሐሳቤ አንድ ቦታ ሄዶ ቆመ። ታቦት በፈረንጅ እጅ ከአገር ወጣ የሚል ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እማማ ይህን ሁሉ ዘመን አገራችን ገጠር ውስጥ ኖረዋል። «ታቦት የላትም» ብለውኛል። ይኼ ታዲያ የማን ነው?

የምወዳቸውን ሰው በአንድ ከሰዓት ሌባ አደረግኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ስገባ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ። በርጩማው ላይ መቀመጥ ተውኩ። እማማ ፎቶ ሲጠይቁኝ ቆሜ፣ ከሩቅ፣ አጠር አድርጌ እነግራቸዋለሁ።

«ዛሬም ‘ከዚያስ’ የለም?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማማ።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

ቴፑን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

እሑድ ከተማ ወርጄ ለቄሱ ነገርኳቸው። ቄሳችን እዚሁ ጂቡቲ የተወለዱ ናቸው፤ አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው መጥተው የቀሩ ነበሩ። በሥራ ቀን ሰዓት ይጠግናሉ፤ ነገር የሚሰሙትም እንደ ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«አየሁ ነው ወይስ ሰማሁ ነው የምትይኝ?»

«አየሁ፣ አባ።»

«ነካሽው?»

ማልቀስ ጀመርኩ።

«በይ ተይው» አሉ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። እኔ መጥቼ አየዋለሁ። ካልሆነ እናርፋለን። ከሆነ ግን ሰው ቤት አይቀመጥም።»

የመጡት ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው በር ላይ ቆሙ። ዘበኛው ጥላ ሥር ተጋድሞ ጫቱን ይቅማል፤ አንገቱን ሳያነሳ «ቶንቶን?» አለኝ። አጎትሽ ነው ወይ ማለቱ ነው። «አዎ፣ ቶንቶን» አልኩት። እማማ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል፤ በዚያ ሰሞን ስላላወራኋቸው ቀን መተኛት ጀምረው ነበር። በጓሮ በር አስገባኋቸው።

አባ ከክፍሉ ደፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ሣጥኗን በጣቴ ከሩቅ አሳየኋቸው። አልቀረቧትም። መሬት ላይ ተደፍተው ሰገዱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው በግዕዝ መጸለይ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቆሜአለሁ። ኤሲው ይጮኻል።

ግድግዳ የሚዳስስ እጅ ድምፅ ሰማሁ። እማማ በር ላይ ደርሰዋል። ፀጉራቸው ከአንድ ወገን ተፈትቷል።

«ቤቴ ውስጥ ቄስ አለ?» አሉ።

አባ ተነሥተው ቆሙ። እኔ እንደሚጮሁ፣ ዘበኛውን እንደሚጠሩ ጠብቄ ነበር። አባ ግን ሳያፍሩ፣ «ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ» አሉ። «ታቦት አለ ተብዬ ነው የመጣሁት። ካለ ለባለቤቱ እንዲመለስ ልለምንዎት ነው።»

እማማ ሳቅ ጀመራቸው፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

«ሣጥኗን አምጪልኝ» አሉኝ። አልተነቃነቅኩም። ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሳቧት፣ ነጠላውን በጣታቸው እየዳሰሱ ፈቱት። አባ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይመልከቱ፣ አባ። የእናንተ አይደለም። የእኛ የመሠዊያ ጠረጴዛ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ የጠፋች ቀን አባቴ ቆርጦ ያወጣው ይኼን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ስለ ምን እንደ ታቦት ተጠቀለለ?»

«የተከበረ ነገር እንዴት እንደሚሸፈን ያየሁት እናንተ አገር ነው» አሉ እማማ። «ሌላ አላውቅበትም።»

አባ ቀስ ብለው ዞሩ። እንጨቱን አዩት፤ አልነኩትም።

«በላዩ ምን ይቀመጥበት ነበር?»

«ኅብስትና ወይን።»

አባ «እንግዲያው ይሸፍኑት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እማማ ሸፈኑት። ሸፍነው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደቆምኩበት አዞሩ።

«መቼ ነው የከፈትሽው?»

«ሐኪም ቤት የሄዱ ቀን።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ በባዶ እግርሽ ስትገቢ እሰማለሁ። ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር።» እጃቸው ጥቅሉ ላይ ነው። «ሌባ ናት ብለሽ መጠርጠርሽን እረሳዋለሁ። እኔም ያገርሽን ሰው በስንቱ ጠርጥሬዋለሁ። ግን በዚህ ዕድሜዬ አንድ ሰው ነበር የሚጠይቀኝ። ለእሱ ያስቀመጥኩትን ራሱ ሄዶ ወሰደው።»

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግሁ፤ ጊዜ አልሰጡኝም።

«ለአባ ሻይ አፍዪላቸው» አሉኝ። «አባ፣ ከመጡ አይቀር ይቀመጡ። የመጨረሻውን ለእርስዎ ልንገርዎት።»

አባም በእኔ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ሻዩን ጥጄ በኩሽናው በር ቆምኩ። የእማማ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም፤ ኤሲው ይውጠዋል። የማውቀው ዜማም አልነበረም። ዝግ ያለ ነው፤ ይቆማል፣ ይጀምራል። አንድ ጊዜ አባ «እግዚኦ» ሲሉ ሰማሁ። ሻዩን ይዤ ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ስወጣ ቀጠሉ። እንዲህ ሲያወሩ የአስር ሰላት አዛን ተጠራ። አባን እስከ ውጭው በር ስሸኛቸው ዓይናቸው ቀልቷል።

«አባ፣ እንዴት ነው ያለቀችው?» አልኳቸው። እንደዚያ ሆኜም እንኳ!

«እያለቀሱ ነው የነገሩኝ፣ ልጄ» አሉ ጃንጥላቸውን እየከፈቱ። «እኔ የማወራው ነገር አይደለም።»

እማማ አላባረሩኝም። ለልጃቸውም አልነገሩብኝም። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ይሉኛል፣ ምግቡን ያመሰግናሉ፣ ሲያመኝ መድኃኒት ይሰጡኛል። ከቀትር በኋላ ግን ካርቶኑ አይወጣም። በራቸው ክፍት ነው፤ እኔ በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ አልፋለሁ። በርጩማው ከቦታው አልተነሣም፣ አባ ተቀምጠውበት እንደሄዱ አልጋው አጠገብ ነው። እግራቸውን ሊያሳርፉበት ይሆናል ብዬ ነው ያልነካሁት። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። በሦስት ወር ውስጥ አትጠይቂ ብለውኝ አያውቁም። ይኼን ያሰብኩት ግን በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ዛሬ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። የመጣ ደንበኛ ሁሉ ታሪኩን አውርቶልኝ ነው የሚሄደው፤ ጠያቂነቴ አልለቀቀኝም። አንዳንዴ መርፌውን ይዤ እቆምና ለቤተ ክርስቲያኗ መጨረሻ እሠራላታለሁ። ጦርነት ይሆን? መብረቅ? ወይስ ሰው አልቆባት፣ በሰላም፣ ለማገዶ ፈረሰች? የእማማ አባት መጋዙን ይዘው ሲገቡ ብቻቸውን ነበሩ? እማማስ ያኔ ልጅ ሆነው በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር? አንዱም አያጠግበኝም። አባም ካረፉ ቆዩ። ሊያርፉ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ ዓይኔን ሲያዩ ምን ልል እንደሆነ ገባቸውና፣ ፈገግ ብለው እጄን መታ መታ አደረጉኝ እንጂ አልተናገሩም። ካሴቶቹም አንድ ቦታ ይኖራሉ፤ እኔ በማልሰማው ቋንቋ።

ይኼ ሁሉ ግን ያን ያህል አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ የመጨረሻው ጠዋት ነው።

የልጃቸው ሥራ አልቆ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። ሻንጣው ተጭኗል። እማማ ከመኪናው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ያን ጥቅል ሻንጣ ውስጥ አላስገቡትም፣ ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ልጃቸው ከዘበኛው ጋር እየተሰነባበተ ነው። ጉንጫቸውን ሳምኳቸው፤ ከዚያ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። እማማ መስኮቱን አወረዱት። ፊታቸውን እኔ ወደ አለሁበት አቅጣጫ አድርገው ቆዩ። የባሕሩ ብርሃን ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ያዩኝ እንደሆነ አላውቅም።

«የምትጠይቂኝ ነገር የለም?» አሉኝ።

ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አልወረደም። ግን ልጃቸው ወደ መኪናው እየመጣ ነው፣ ሾፌሩ በመስተዋቱ ያየኛል፣ እኔም ሣጥን የከፈተች ልጅ ምን አፍ አላት ብዬ አፈርኩ። ስለ ተረሳ ውሃ ወይም መድኃኒት የጠየቁኝ አስመሰልኩ።

«ሁሉም ተጭኗል፣ እማማ» አልኳቸው። «በሰላም ይግቡ።»

ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና መስኮቱን ዘጉት።